የአፅም ባለቤት

ከብልባላ አልፎ፣ በዋሻ ውስጥ ከታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የብዙ ሰዎች አፅም ያለ መቃብር ተጋድሞ ይታያል። እንግዳ ይደነግጣል፤ ምእመን ሞቱን ያስባል። ሞትን ማሰብ በእኛ ዘንድ የቆየ ትምህርት ነው፤ ለሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታልና። መነኩሴው ሞትን ስላሰበ ከዓለም እጁን ይሰበስባል። መቃብር መዝባሪ ግን ሌት ተቀን ስለ ሞት ቢያሰላስልም እጁን የሚዘረጋው ሊነጥቅ ነው፤ በሬሳው ላይ የሚያየው የራሱን ፍጻሜ ሳይሆን መከላከል የማይችል ባለንብረትን ነው።

«አፅም አይሰማውም፤ ታዲያ ማን ተበደለ?» የሚል ይኖራል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቆረጠው ፀጉርም አይሰማውም ነበር፤ ሆኖም የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. መልሶታል። በደል በሥቃይ ብቻ አይለካም፤ ሟች የወገኖቹም አደራ ነው። ጠንከር ያለው ክርክር ሌላ ነው፦ ሙሴ የዮሴፍን አፅም ከግብፅ ይዞ አልወጣምን? ወጥቷል፤ ነገር ግን ዮሴፍ ራሱ የእስራኤልን ልጆች አስምሏቸው ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው አፅሙን በመንካት ላይ ሳይሆን በሟቹ ፈቃድ ላይ ነው። በዋሻው ያረፉት ደግሞ ውሰዱን ብለው ማንንም አላስማሉም።