ጎረቤት ሳያነብልኝ

 

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። አሁን በስልክህ ላይ የምታነበውን ይህን ጽሑፍ እናትህ ማንበብ ትችላለች? አንቺስ፣ አያትሽ ይችላሉ? ለብዙዎቻችን መልሱ «አይችሉም» ነው። እኛ ግን ስለ ዒልም ትሩፋት በየሳምንቱ እናጋራለን፤ እነሱ አጠገባችን ተቀምጠው ስልካችንን ያያሉ።

እንጦጦ ራጉኤልን ታውቁታላችሁ። የመርካቶውን፣ ከአንዋር መስጊድ ጎን ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ተራራው ላይ ያለውን ነው። ከዚያ ቁልቁል ባለ አንድ ሰፈር በጎ ፈቃደኞች ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩበት ቦታ አለ። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምሬበታለሁ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከባሕር ዛፉ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲያወርዱ የኖሩ እናቶች ናቸው። ሙስሊምም ክርስቲያንም አሉበት። ስለ አንዷ ልንገራችሁ፤ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ክርስቲያን እናት ናቸው። «የኔታ» ነበር የሚሉኝ። «እኛ ዘንድ ኡስታዝ ነው የሚባለው» ስላቸው «ያው አይደል?» አሉኝ። ያው ነው።

እኚህ እናት ፊደል ሲቆጥሩ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆቻችሁ ያስታውሱታል። በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። እሳቸውም ያኔ በልጅነታቸው ፊደል ለይተው ነበር። ግን ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ትዳር፣ ልጅ፣ ሸክም መጣ፤ ፊደሉም ጠፋ። ቁርኣን ሐፍዞ የማይከልሰው ሰው ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው በዜማ ይወርዱታል፤ 231 ማለት ነው። ከመሀል «ሚ»ን ስጠቁም ግን ከ«መ» ተነሥተው ካልቆጠሩ አያገኙትም። (አንድ ቀን ደግሞ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሁለቱ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። ድሮ በግእዝ እንደ ዐረብኛው ሃእ፣ ሓእ፣ ኻእ ይለያዩ እንደነበር በኩራት አብራራሁ። «ታዲያ አሁን ካልተለያዩ ለምን አይተዉልንም?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።)

ወራት አለፉ፤ ሌሎቹ ወደ ቃላት ሲገቡ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ስጽፍ ያነባሉ፤ ደብተር ላይ ሲሆን «ጠፋብኝ» ይላሉ። በልቤ ምን እንዳልኩ ልናዘዝላችሁ። «እድሜያቸው ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ አይገባቸውም» አልኩ። ወደ ሌሎቹ እያደላሁ እሳቸውን ለጨዋታ ያህል ብቻ እጠይቃቸው ጀመር። ሰው ላይ ክፉ መጠርጠር ሐራም መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ!

አንድ ቅዳሜ አዲስ የመጣች ልጅ፣ ገና ተማሪ ናት፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እናታችን ደብተሩን ክንዳቸው እስኪዘረጋ ድረስ ከፊታቸው ሲያርቁት አየች። በሚቀጥለው ሳምንት ከመንገድ ላይ የንባብ መነጽር ገዝታ መጣች። አደረጉት፤ ደብተሩን አዩ፤ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ውሃ» ብለው አነበቡ።

ወንድሜ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የሰው ዓይን የቅርቡን ማየት እየደከመው እንደሚሄድ እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። አጠገባቸው ስላልተቀመጥኩ ነው ያላየሁት። ቆሜ ነበር የማስተምረው።

ሌላም አለ። አንድ ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎች በሚገኙበት ዝግጅት ላይ ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። ሄድኩ፤ ለተማሪዎቼ አልደወልኩም። እሳቸው ሸክማቸውን መንገድ ላይ አደራ ብለው ወርደው ሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ጠብቀዋል። በሳምንቱ ሲነግሩኝ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ «ታመህ መስሎኝ» ነበር ያሉት። ያን ምሽት ሱረቱ ዐበሰን ስቀራ መጨረስ አቃተኝ። ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ለመማር ጓጉቶ ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ሹማምንት ይሰልማሉ ብለው ተስፋ በማድረግ ተጠምደው ነበር። ምክንያታቸው ዳዕዋ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አላህ (ሱ.ወ) እስከ ቂያማ በሚነበብ ሱራ አረማቸው። የእኔ ምክንያት ደግሞ መድረክ ነበር። ሪያእ የሚገባው እንዲህ ባለው ቀዳዳ ነው። በየዓመቱ ለበጎ ፈቃድ ተመዝግበው፣ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ለጥፈው በሦስተኛው ሳምንት የሚጠፉ ወጣቶችን ስወቅስ ኖሬ እኔው ተገኘሁበት። ቃል ገብቶ ማፍረስ ከኒፋቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን እናውቃለን፤ ገንዘብ ያልተከፈለበት ቃልም ቃል ነው።

«ማንበብና መጻፍ ማስተማር ዱንያዊ ጉዳይ አይደል?» የሚል ይኖራል። የሲራ ኪታቦች እንደሚነግሩን፣ ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሌላቸው የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነጻ ወጥተዋል። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች፣ ትምህርቱም ፊደል ነበር። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራው 282ኛ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው፤ እዚያ ውስጥ አላህ ጽሕፈት ያሳወቀውን ሰው እምቢ እንዳይል ያዝዘዋል። ይህን ትእዛዝ «ሰው ቢጠይቀኝ እጽፍለታለሁ» ብለን ብቻ አንለፈው። ራሱ እንዲጽፍ ማድረግስ? ይህንንም እንጨምር፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ኡሚይ ነበሩ። ስለዚህ ማንበብ የማይችልን ሰው በንቀት የሚያይ ሙስሊም ማንን እየናቀ እንደሆነ ያስብበት።

እኚህ እናት መማር የፈለጉበትን ምክንያት የነገሩኝ ከመነጽሩ በኋላ ነው። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በስልክ መልእክት ትጽፍላቸዋለች፤ የሚያነብላቸው ጎረቤት ነው። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ከማለት ሌላ ምንም አትጽፍም። «ጎረቤት ሳያነብልኝ ምን እንደምትለኝ ልስማ» አሉኝ። ለካ የእናትና የልጅ ምስጢር ነበር የተዘጋው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ወር «አይገባቸውም» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። አላህ ይማረኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስልኩን ይዘው መጡ። አንዲቱን መልእክት በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ብዙ ደቂቃ ፈጅተው አነበቡ። ልረዳቸው ጠጋ ስል ስልኩን ወደ ነጠላቸው ሸሸጉት።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ መጀመር ለምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። ሩቅ ሳትሄዱ ከቤት ጀምሩ፤ ዛሬ ከዐስር በኋላ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቅድሚያ ዓይናቸውን አስመርምሩ። ከ«ሀ» ሳይሆን ከራሳቸው ስም፣ ከልጆቻቸው ስም ተነሡ። ቁማችሁ አታስተምሩ። ቁርኣን ለመቅራት የሚያፍሩ ካሉም፣ እየተንተባተበ ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ንገሯቸው። የማትመጡበት ቀን ካለ ደግሞ ደውሉላቸው።