የሚወዱትን ነገር ስለ መጠገን

አንባቢ ሆይ፥ በእሑድ ቀን በይፋት ቆላ ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርደህ እንደ ሆነ፥ አፋሩና አርጎባው፥ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ ሳታይ አልቀረህም። በዚያ ግርግር መካከል አንድ እረኛ ዋሽንት ቢነፋ ጆሮህ ወደ እርሱ ይዘነብላል። ያ ዋሽንት ከሸምበቆ የተቆረጠ ነው፤ ሲሰነጠቅም ያው እረኛ ሌላ ቆርጦ ይበሳል። ስለዚህ ዋሽንት ይሰበራል እንጂ ከእረኛ እጅ አይጠፋም። ዛሬ ልነግርህ የምወደው ነገር ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም ሰው ማንም ሳያዝዘው፥ ለደስታው ብሎ በያዘው ሥራ ላይ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ነው።

ለምሳሌ ኦርጋንን እንውሰድ። ኦርጋን ስል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሣጥን አይደለም፤ ባለ ቧንቧውን ነው እንጂ። ይህን መሣሪያ አስቀድሞ የሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረ ክቴሲቢዮስ የሚባል ባለእጅ ነው ይባላል። አሠራሩ ለሚያስተውል ሰው እንግዳ አይደለም። ወናፉ አንጥረኛ ፍሙን እንደሚያናፋበት ያለ ነው፤ ነፋሱ ግን ወደ እሳት ሳይሆን ወደ ተደፈነ ሣጥን ይገባል። በሣጥኑ ላይ ቧንቧዎች ተተክለዋል፤ ከየቧንቧውም በታች በስስ ቆዳ የተለበጠ ታናሽ ክዳን አለ። ሰው በጣቱ ቁልፉን ሲጫን ክዳኑ ይከፈታል፤ ነፋሱም ወደ ቧንቧው ወጥቶ በአፉ ጠርዝ ላይ ሲመታ ድምፅ ይሆናል። እምቢልታ ነፊዎችን አይተህ እንደ ሆነ ይህ በቶሎ ይገባሃል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ነፊ ዜማውን ብቻውን ሊጨርስ አይችልም፤ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ያወጡታል እንጂ። የኦርጋን ቧንቧም እንዲሁ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ኦርጋን ማለት ብዙ እምቢልታ በአንድ ሰው ጣት ሥር እንደ ተሰበሰበ ነው።

እንግዲህ በሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ ወጣት አስተማሪ አለ እንበል። ቀን ያስተምራል፤ ማታ ግን በፋኖስ አጠገብ ተቀምጦ ሸምበቆ ይቆርጣል፥ ሳንቃ ይልጋል፥ ቆዳ በሙጫ ይለጥፋል፤ ታናሽ ኦርጋን ሊሠራ ይደክማልና። አባቱም አይቶ፦ «ልጄ፥ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ይጠቅማል? የሚታረም ማሽላ አለ፤ ለእኅትህ ደብተር አልተገዛም፤ አንተ ግን ለሸምበቆ ልብስ ትሰፋለህ» ቢለው፥ ልጁ ምን ይመልሳል? አንባቢ ሆይ፥ የአባትየውን ጥያቄ በሳቅ አትለፈው። ሰው ሁሉ በተረፈው ጊዜ የሚወደውን ያድርግ ብሎ መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጊዜም ገንዘብም በሚያጥርበት ቤት ይህ መልስ አይበቃም።

መልሱን ከመፈለጋችን አስቀድሞ በአገራችን የሆነውን እናስታውስ፤ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1482 ጆቫኒ ባቲስታ ዳ ኢሞላ የሚባል መንገደኛ ወደ ዐፄ እስክንድር ከተማ መጥቶ ነበር። ከጉዞውም ሲመለስ የነገረውን ፍራንቼስኮ ሱሪያኖ ጽፎ አቆየው፤ በዚያም ጽሑፍ በንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኢጣልያ ሥርዓት የተሠራ ታላቅና ያጌጠ ኦርጋን እንደ ነበረ ተነግሯል። ዳግመኛም በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኛ ሮድሪጎ ዴ ሊማ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጣ ጊዜ፥ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል ከሰይፉና ከዓለም ካርታው ጋራ ኦርጋን ነበረበት። ኦርጋን መምታት የሚያውቅ ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚባል ሰውም አብሮት መጥቶ ነበር። የዚህን ጉዞ ነገር አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጽፎታል። እነሆ፥ ብዙ የዓለም ሕዝብ ኦርጋን ምን እንደ ሆነ ሳይሰማ ድምፁ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር። ዛሬ ግን ከእነዚያ ኦርጋኖች አንዲት ቧንቧ ተርፋ አናያትም።

አንተም፦ «ከ1529 ጀምሮ ታላቅ ጦርነት ሆኗል፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፥ ኦርጋን እንዴት ይተርፋል?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ጦርነት መጻሕፍትም ተቃጥለዋል፤ በገናም ከበሮም ጠፍቷል። እነዚህ ግን ተመልሰዋል። እንዴት ተመለሱ ቢሉ፥ ብራናው ቢቃጠል ብራና የሚፍቅና ቀለም የሚበጠብጥ ጸሐፊ ስለ ተረፈ ነው። በገናው ቢሰበር ቆዳውን የሚወጥርና ጅማቱን የሚያከር ሰው ስለ ተረፈ ነው። ኦርጋኑ ግን የመጣው ተሠርቶ አልቆ ነው፤ መሥራቱንና መጠገኑን የተማረ እጅ በአገሩ አልበዛም። እንግዲህ ዘመንን አልፎ የሚኖረው የተሰጠን ነገር ሳይሆን፥ እንሠራውና እንጠግነው ዘንድ የተማርነው ነገር ነው።

ይህ እንደ ሆነ በሌላ አገር ደግሞ ተመልከት። በፊሊፒንስ፥ ከማኒላ አጠገብ ባለችው በላስ ፒኛስ፥ ዲዬጎ ሴራ የሚባል ቄስ ከ1816 እስከ 1824 ደክሞ አንድ ኦርጋን ሠራ። ቧንቧዎቹ 1,031 ናቸው፤ ከእነርሱም 902ቱን የሠራቸው በአገሩ ከሚበቅለው ቀርቀሃ ነው። ነቀዝ እንዳይበላውም ቀርቀሃውን አስቀድሞ በአሸዋ ውስጥ ቀብሮ አቆየው። ከዚያ በኋላ የምድር መናወጥና ዐውሎ ነፋስ ኦርጋኑን ጎዱት፤ ብዙ ዘመንም ሳይመታ ቀረ። ሰዎቹ ግን አልጣሉትም፤ በ1973 ወደ ጀርመን ልከው አስጠገኑት፥ በ1975ም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ከተማ ኦርጋን የሚሠሩና የሚጠግኑ ባለእጆች ተነሥተዋል። አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን አስተውል፤ እዚያ ያለው ኦርጋን ጉዳት ያላገኘው አይደለም፤ ጠጋኝ ያላጣ ነው እንጂ።

ስለዚህ ያ ወጣት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው፤ መምታትን የሚወድ መጠገንን ይውደድ። በታናሽ ኦርጋን ከሁሉ የሚከፋው ጠላት የሚያፈስ ነፋስ ነው። ሣጥኑ በአንድ ጥግ ቢያፈስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፥ ቧንቧዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ባለእጆች ይህን የሚመረምሩት በታጠፈ የመስታወት ቱቦ ነው፤ በቱቦው ውኃ ያደርጉና ነፋሱ ውኃውን ምን ያህል እንደ ገፋው ይለካሉ። በብዙ ታናናሽ ኦርጋኖች ልኩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ውኃው አይዋሽም፤ አድናቂ ቢያጨበጭብም ባያጨበጭብም ያው ነው። ከፊት ያሉትን ቧንቧዎች ቀብቶ ማሳመር ይቻላል፥ እንግዳም አይቶ ያደንቃል፤ ሠሪው ግን ሣጥኑ እንደሚያፈስ ያውቃል። ደመወዝ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ቢያጭበረብር ከሳሽ አለው፤ ለደስታው የሚሠራ ሰው ግን ከሳሹ የራሱ ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ የእርሱ ታማኝነት ከቅጥረኛው ይበልጥ ሊጠነክር ይገባዋል እንጂ ሊላላ አይገባም።

ሁለተኛው ዕዳ የማሻሻል ልክ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው ማሻሻልን ይወዳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ማሻሻል ብዙ ጊዜ የትዕቢት ስም ይሆናል። አሥር ቧንቧ ያለው ሃያ ይመኛል፤ ሃያ ያለው የጎረቤቱን አርባ ያያል፤ ወናፉ ግን እስከዚያ እንደ ተቀደደ ነው። ሐኪምና ኦርጋን መቺ የነበረው አልበርት ሽቫይጸር በ1913 ወደ ላምባሬኔ ከመሄዱ በፊት፥ በ1906 ስለ ኦርጋን አሠራር ታናሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዘመኑ ሰዎች ድምፁ የለዘበውን አሮጌውን ኦርጋን እያፈረሱ ድምፁ የሚጮኸውን የፋብሪካ ሥራ ይተክሉ ነበርና፥ አሮጌው መልካም ከሆነ ይጠገን ብሎ ተከራከረ። የእኛም ወጣት ከዚህ ይማር። ለትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ይበቃል፤ አሥር ሸምበቆ በልክ ቢቆርጥ አምስቱን ድምፅ ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም ያገኛቸዋል፤ ርዝመቱ በግማሽ ያጠረ ቧንቧ ያንኑ ድምፅ አንድ እርከን አልቆ ይሰጣልና። ሸምበቆ ቢያጥረውም የቧንቧውን ጫፍ ቢደፍን ድምፁ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል፤ እንዲህም በአጭር ሸምበቆ የረጅሙን ድምፅ ያወጣል። አሥሩ በደንብ ከተቃኙ በኋላ አሥራ አንደኛውን ያስብ።

ሦስተኛው ዕዳ በትክክል መፍረድ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፥ በጣርማ በር አልፎ፥ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የወረደ ሰው አገሩ እንደ ተለወጠ በፊቱ ላይ ያውቃል። ኦርጋንም እንዲሁ ያውቃል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 ዲግሪ ግን 349 ያህል ነው። ስለዚህ በደጋ የተቃኘ ቧንቧ በቆላ ድምፁ ከፍ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ቃኚውን ሰነፍ ይለዋል፤ ወይም መልካሙን ቧንቧ በቢላዋ ቆርጦ ያበላሸዋል። የሚያውቅ ግን ይታገሣል፤ የአየሩ ለውጥ የቧንቧው ጥፋት አይደለምና። ብዙ ጊዜ በሰውም ላይ እንዲሁ እናደርጋለን፤ ያለበትን አየር ሳንጠይቅ ድምፁን እንነቅፋለን።

ደግሞም የወደዱትን በሌላው ላይ መጫን አይገባም። በአገራችን ማኅሌት የሚቆመው በከበሮ፥ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው፤ ይህ ሥርዓት ባለቤት አለው። ኦርጋን የሠራ ሰው ሥራውን ይዞ ባልተጠራበት ቢገባና ነባሩን ቢንቅ፥ ድምፁ ጣፋጭ ቢሆንም አካሄዱ መራራ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስብ፤ የአገራቸውን የዜማ መንፈስ በፒያኖና በኦርጋን ሲያሰሙ ነባሩን አላፈረሱም፤ ከእርሱ ተምረው ወደ ሌላ መሣሪያ አሻገሩት እንጂ።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ፤ «ይህ ሁሉ ድካም ለማን ይጠቅማል?» ወጣቱ የእኅቱን ደብተር ሳይገዛ ቆዳ ገዝቶ እንደ ሆነ፥ አባቱ ፈርዶበታል፥ ፍርዱም ቅን ነው፤ ሌላ መልስ የለም። የቤቱን ግዴታ ፈጽሞ በተረፈው ሠርቶ፥ ነገር ግን ሥራውን በቁልፍ ቆልፎ ብቻውን ቢደሰትበት፥ አሁንም አባቱ እውነት አለው፤ እርሱ በሞተ ጊዜ ሸምበቆው ማገዶ ይሆናልና። ነገር ግን ከደጁ የሚቆሙትን ሁለት ልጆች አስገብቶ ቆዳው እንዴት እንደሚለጠፍ፥ ነፋሱ እንዴት እንደሚለካ፥ ቧንቧው እንዴት እንደሚቃኝ ያሳየ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ጥያቄው መልስ አገኘ። እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፥ ጆሯቸው የሚለይ፥ የተሰበረውን ከመጣል ይልቅ መርምሮ መጠገን የለመዱ ሁለት ሰዎች ለሸዋ ሮቢት ተጨመሩላት። እነዚህ ልጆች ነገ የውኃ መሳቢያውንም፥ የወፍጮውንም ሞተር በዚያው ትዕግሥት ይመለከቱታል።

ወዳጄ ሆይ፥ አንተ ኦርጋን የማትሠራ ልትሆን ትችላለህ። ነገር ግን በቤትህ ለደስታህ የያዝከው አንድ ነገር አይጠፋም፤ ክራር ይሁን ወይም አትክልት፥ ሰዓት ይሁን ወይም መጽሐፍ። ዛሬ ማታ በእጅህ አንሣውና ሦስት ነገር ጠይቀው፤ የምታፈሰው ወዴት ነው? ከልክ በላይ የጨመርኩብህ ምንድር ነው? ከእኔ በኋላስ ማን ይጠግንሃል? ለሦስተኛው ጥያቄ የምትጠራው ስም ከሌለህ፥ ነገ ሥራህን ስትጀምር በሩን ክፍት ተወው።