በቤት ውስጥ ያለው ሚዛን

 

አንተ ምእመን ነጋዴ ሆይ! በሱቅህ ሚዛኑን ታስተካክላለህ፤ መስፈሪያውንም ትሞላለህ። ለራሳቸው ሞልተው ተቀብለው ለሰው አጕድለው የሚሰጡትን ቁርኣን በ83ኛው ምዕራፍ እንደሚያስጠነቅቅ ታውቃለህና። ታዲያ ይህ ሚዛን ከሱቅህ በር ላይ የሚቀር ይመስልሃልን?

አንዳንድ ባል «ሚስቴ ወደ እኔ ፍላጎት የላትም፤ መብቴን ነፈገችኝ» እያለ ወደ ዓሊም ይመጣል። ስለ እርሷ መብት ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። እነሆ፥ የራሱን ሞልቶ የሚቀበል፥ የእርሷን የሚያጐድል ሰፋሪ ይህ ነው።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ፥ አላህ ይዘንላቸውና፥ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ባል በመልካም ቃልና በመሳም እንዲጀምር፥ የራሱን ፍላጎት በፈጸመ ጊዜም እርሷ የእርሷን እስክትፈጽም እንዲታገሣት አስተምረዋል። ንጽሕናዋ ይጠበቅ ዘንድ ፍላጎቷን መሙላትም በባል ላይ ግዴታ መኾኑን ጽፈዋል።

«ፍላጎት ከሌላትስ?» ትል ይኾናል። አስቀድመህ ምክንያቱን መርምር። ወሊድና ማጥባት፥ የወር አበባ መቋረጥ፥ የሥራ ድካም፥ ሐዘን፥ ቅያሜ፥ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፥ አንዳንድ መድኃኒትም ፍላጎትን ያቀዘቅዛሉ። የሴት ልጅ ግርዛትም ብዙዎችን ለሥቃይ ዳርጓል። በ2006 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካይሮ በአል-አዝሐር የተሰበሰቡ ዑለማ፥ ልማዱ በቁርኣንና በትክክለኛው ሱና መሠረት የሌለው መኾኑን አስታውቀዋልና፥ በልጅህ ላይ አታድርሰው።

ደግሞም እወቅ፤ በብዙ ሴቶች ዘንድ ፍላጎት ቀድሞ የሚመጣ ሳይኾን ርኅራኄንና መረጋጋትን ተከትሎ የሚነቃ ነው። ቀን በቍጣ የሰበርከውን ልብ ሌሊት በደስታ እንዲቀበልህ አትጠብቅ። ምን እንደሚያስደስታት፥ ምን እንደሚያሳምማት በለሆሳስ ጠይቃት፤ አታስገድዳት፤ ሕመም ካለባትም ወደ ሐኪም ውሰዳት።

አንቺም እኅቴ ሆይ! ሐያእ መልካም ጠባይ ነው፤ ሕመምን ደብቆ መኖር ግን ሐያእ አይደለም። የምእመናን እናት ዓኢሻ የአንሷርን ሴቶች ያመሰገኑት፥ ኀፍረት ሃይማኖታቸውን ጠይቀው ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ስለዚህ ለባልሽ ንገሪው።

ፍላጎቷ ቶሎ ባይመለስም፥ ወንድሜ ሆይ፥ ታገሥ፤ ታማሚ ዕዳ ከፋይ ተብሎ አይከሰስምና። በሱቅህ የሚያይህ ጌታ በመኝታ ቤትህም ያይሃል። አላህ በቤታችን ውስጥ ፍቅርንና እዝነትን ያኑርልን። አሚን።