የመጀመሪያው ጉጠት

የጋለ ብረት የሚያዘው በጉጠት ነው፤ ጉጠቱ ራሱ ግን ከብረት የተቀጠቀጠ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ጉጠት ሲሠራ ብረቱ በምን ተይዞ ነበር? የልጅ ጥያቄ ቢመስልም የአይሁድ ሊቃውንት በቁም ነገር ተከራክረውበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የቃል ሕጋቸው ስብስብ፣ ሚሽና፣ በፍጥረት ሳምንት ዓርብ ማታ ሰንበት ሊገባ ሲል ከተፈጠሩት ነገሮች መካከል ጉጠትን የሚቆጥሩ መምህራን እንደነበሩ ያነሣል። ሚሽናን በሚያብራራው በባቢሎን ታልሙድ ረቢ ይሁዳ የመጀመሪያው ጉጠት የሰማይ ስጦታ መሆን አለበት ሲሉ፣ ሌሎቹ በቅርጽ ማውጫ ሊወጣ ስለሚችል የሰው እጅ ሥራ ነው ብለው መለሱላቸው። ቅርጽ ማውጫውን ደግሞ ጣት ከጭቃ ያበጀዋል።

ሌንስ በመሳል ይተዳደር የነበረው ፈላስፋ ባሩክ ስፒኖዛም፣ በሞተበት በ1677 በታተመው የአእምሮን መታረም በሚመለከተው ድርሰቱ ይህንኑ ችግር በመዶሻ አንሥቶታል። መዶሻ ለመሥራት ሌላ መዶሻ ካስፈለገ ሰው ብረት መቀጥቀጥ አይችልም ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ሰዎች አብሯቸው በተወለደው መሣሪያ፣ በብዙ ድካም፣ ቀላሉንና ጎደሎውን ነገር አስቀድመው ሠሩ፤ በእርሱም የተሻለውን። ስፒኖዛ ይህን ያመጣው ዕውቀትም እንዲሁ ከትንሽ ተነሥቶ እንደሚያድግ ለማሳየት ነው። በአፋር ጎና የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችም ድንጋይ በድንጋይ ተመትቶ የተሠሩ ናቸው።

ቤቱን በራሱ እጅ የሚጠግን ሰው መሣሪያ ሲያበጅ ክርክሩ እንደገና ይነሣል። የበር ማጠፊያ የሚቀመጥበትን ለመቦርቦር መሮ ሲጠፋ፣ ያረጀ ሞረድ ወደ መሮ ይለወጣል። ተራ ምስማር ለስላሳ ስለሆነ ስለቱን አይዝም፤ ሞረድ ግን ካርበን የበዛበት አረብ ብረት ነው። ጫፉ በከሰል ፍም ላይ ቀይ እስኪሆን ይግልና አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ለዝቦ ለመሳል ይመቻል። ቅርጹን ከያዘ በኋላ ዳግም ቀልቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ጥቁረቱ ተፍቆ በዝግታ ይሞቃል፤ ፊቱ የጭድ ቀለም ሲይዝ፣ ማለትም ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም፣ ከእሳት ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጉጠት የለም። ሞረዱ ረጅም ስለሆነ አንዱ ጫፍ ሲግል ሌላው፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት፣ በእጅ ይያዛል። የመጀመሪያው ጉጠትም በዚህ መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ ረጅም ብረት የራሱ ጉጠት ነው። ይህን ለማየት ሰማይን መጠየቅም ቅርጽ ማውጫ መፈለግም አያሻም። እሳት አጠገብ መቆም ይበቃል።

ይሁን እንጂ ረቢ ይሁዳ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት ያስቸግራል። መደርደሪያ ለመስቀል ውኃ ልክ ያጣ ሰው፣ ግልጽ ቱቦ ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ክፍት ጫፎች በግድግዳው ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ቱቦው ውስጥ አየር ካልቀረ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በክር የተንጠለጠለ ድንጋይም ቱንቢ ይሆናል። ማስመሪያ በሌላ ማስመሪያ ሲሠራ የቀደመው ጥመት ይወረሳል፤ ውኃ ግን ከማንም ጥመት አልወረሰም፣ ድንጋዩም ቅርጹ ቢከፋ ክሩን ቀጥ አድርጎ ይወጥራል። ይህን ቀጥተኛነት የሠራ እጅ የለም። የጋለ አረብ ብረት ውኃ ሲነካው የመጠንከሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሠሪው አገኘው እንጂ አላበጀውም። ስጦታ የሚባል ነገር ካለ፣ ሊፈለግ የሚገባው ከጉጠቱ ይልቅ እዚህ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ለማደሪያው ድንኳን ሥራ የተመረጠው ባስልኤል የተሞላው በእግዚአብሔር መንፈስ፣ በጥበብና በማስተዋል ነው። ወርቅ፣ ብርና ናስ መሥራት፣ ድንጋይ መቅረጽና እንጨት መጥረብ ተዘርዝሮለታል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የተሰጠው መዶሻ ወይም መሮ የለም።