ዝምታ የማን ነው?

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ሲሉ ምላስን መግታት አስተማሩን። እነዚያው አባቶች ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው፣ መናገር በሚገባበት ጊዜ ዝም ማለት ምን እንደሚያሳጣ ነገሩን። እንግዲህ የአገር ጉዳይ በሚመከርበት ጊዜ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል እንበልን? ወይስ ተቃውሟል? የጃፓን ሕዝብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 በዚህ ጥያቄ ተፈትኗል።

በዚያ ዓመት በጃንዋሪ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኖቡሱኬ ኪሺ፣ አገራቸው ከአሜሪካ ጋራ የነበራትን የጸጥታ ውል አሻሽለው በዋሽንግተን ፈረሙ። ውሉ የአሜሪካ ጦር በጃፓን ምድር መቈየቱን የሚፈቅድ ነበር። ስለዚህ የጦርነት መከራ ካበቃ ገና 15 ዓመት የሆነው ሕዝብ ወደ ሌላ ጦርነት እንዳይጐተት ብዙ ሰው ሠጋ። በሜይ 19 የሶሻሊስት ፓርቲ እንደራሴዎች የአፈ ጉባኤውን መንገድ ዘግተው ቢቀመጡ ፖሊሶች እያነሡ አወጧቸው፤ ውሉም በዚያው ሌሊት ተቃዋሚዎቹ በሌሉበት በምክር ቤት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ስለ ውሉ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ስለ ውሉ እምብዛም ያልተጨነቀ ሰው እንኳ «ሕግ በዚህ አኳኋን ይወጣልን?» ብሎ ጠየቀ። ምክር ቤቱም በሠልፈኛ ተከበበ፤ በጁን 15 አንዲት የቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግርግሩ ሞተች።

ኪሺ ግን ጆሯቸውን የሚሰጡት ለሠልፈኛው ጩኸት ሳይሆን ድምፁን ለማያሰማው ሕዝብ መሆኑን ተናገሩ፤ የቤዝቦል ሜዳዎች በተመልካች መሙላታቸውንም አነሡ። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ፤ አደባባይ ያልወጣ ሰው ከሕዝብ ቍጥር አይጐድልምና። ጉድለቱ ዝም ያለውን ሕዝብ ሳይጠይቁ የእኔ ወገን ነው ማለታቸው ነው። ጨዋታ ለማየት የሄደ ሰው ጨዋታ ማየቱን እንጂ ሌላ ነገር አልመሰከረም።

መልሱም ከዝምተኞቹ ዘንድ መጣ። አንዲት የሥዕል መምህርት ከአንድ ጓደኛዋ ጋራ፣ «የድምፅ አልባዎች ድምፅ ማኅበር» የሚል ስምና ለማንም ሰው የሚሆን ጥሪ የተጻፈበት ጨርቅ ይዛ ወደ ሠልፉ ወጣች። ሁለት ሆነው የጀመሩትን ጕዞ መንገደኛው እየተጨመረበት በመቶ የሚቈጠር ሰው ሆነ።

ውሉ በጁን 19 ጸና፤ ኪሺም በጁን 23 ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሆኖም ከሠልፈኛው ወገን «ሕዝቡ ሁሉ የእኛ ነው» ያለ ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በተደረገው ምርጫ የኪሺ ፓርቲ፣ የሕዝቡን ገቢ በ10 ዓመት እጥፍ ለማድረግ ባቀደው በአዲሱ መሪ በሃያቶ ኢኬዳ እየተመራ፣ ከ467 መቀመጫ 296ቱን አገኘ። የዝምተኛውን ልብ ገዥውም ጯኺውም እንደ ወደዱ ሊያነቡት አልቻሉም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝምታ እንደ ባዶ ወረቀት መሆኑን ነው፤ ያነሣው ሁሉ የፈለገውን ይጽፍበታል። በጃፓን በ2014 በተደረገው የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከ100 መራጭ 53 ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረውን ሰው አንዱ ረክቷል ይለዋል፤ ሌላው ተስፋ ቈርጧል ይለዋል፤ እርሱ ራሱ ግን ምንም አላለም። በ2016 የመምረጫ ዕድሜ ከ20 ወደ 18 ዓመት ዝቅ ሲል፣ ለወጣቱ የተሰጠው ነገር ስለ ራሱ ራሱ የመናገር መብት ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሥልጣን ብትይዝ ዝም ያለውን ሰው ጠይቀው እንጂ ስለ እርሱ አትመስክር። ሥልጣን ባይኖርህም ያሰብኸውን በጨዋ ቃል ተናገር፤ ሌላው ሰው በዝምታህ ላይ የራሱን ፈቃድ ጽፎ ካነበበው በኋላ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ማለት እጅግ ይከብዳልና።