የዜውስ ጠባይና የኤስኪለስ ብዕር

የአቴንሱ ጸሐፌ ተውኔት ኤስኪለስ ደረሳቸው ተብለው ከዘመናችን የደረሱት ሙሉ ተውኔቶች ሰባት ሲሆኑ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት «ፋርሳውያን» በ472፣ «ሰባቱ በቴቤስ ላይ» በ467፣ «ኦሬስቴያ» የተባሉት ሦስት ተከታታይ ተውኔቶችም በ458 ለውድድር መቅረባቸው ይታወቃል። ሊቃውንትን ያከራከሩት የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

«ተማጻኞቹ» በተባለው ተውኔት መዘምራኑ፣ ማለትም በኅብረት እየዘመሩ የሚጫወቱት፣ ራሳቸው ባለታሪክ በመሆናቸውና የመዘምራን ድርሻ መብዛት የጥንታዊነት ምልክት ተደርጎ በመወሰዱ፣ ሥራው ከሁሉ የቀደመ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ታመነ። ይሁን እንጂ በግብጽ ኦክሲሪንኩስ የተገኘና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የታተመ የፓፒረስ ቁራጭ፣ ዲዳስካሊያ ከሚባለው የውድድር መዝገብ የተቀዳ ሆኖ፣ ኤስኪለስ በዚህ ሥራ ሶፎክልስን እንዳሸነፈ አሳየ፤ ሶፎክልስ ወደ ውድድር የገባው በ468 አካባቢ ስለሆነ፣ ተውኔቱ ዛሬ በ463 ገደማ እንደቀረበ ይገመታል።

«የታሰረው ፕሮሜቴዎስ» የሚያስነሳው የደራሲነት ጥያቄ ግን ሃይማኖታዊም ነው። ከ«ኦሬስቴያ» ተውኔቶች አንዱ በሆነው በ«አጋሜምኖን» ዜውስ ሰውን በመከራ ወደ ማስተዋል የሚመራ አምላክ ሆኖ ሲመሰገን፣ እዚህ ለሰው ልጅ እሳት የሰጠውን በዓለት ላይ የሚያስቸነክር ጨካኝ ገዥ ነው፤ ከዚህም በመነሣት አንድ ሰው ሁለቱን ሊጽፍ አይችልም ያሉ አሉ። ይህ ሙግት የገጸ ባሕርይን ቃል ከደራሲው እምነት ጋር ያምታታል፤ ዜውስን የሚከስሱት እስረኛውና የሚያዝኑለት ናቸውና። የኢዮብን ምሬት ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚያቆም ሰው የመጽሐፉን እምነት ሊናገር እንደማይችል ሁሉ፣ ቁርጥራጩ ብቻ የቀረውን ተከታይ ተውኔት፣ «የተፈታው ፕሮሜቴዎስ»ን፣ ሳይዝ በደራሲው ሃይማኖት ላይ የሚፈርድም በግማሽ ማስረጃ ይፈርዳል።

ይበልጥ የሚያሳምነው ሌላ ማስረጃ ነው። ማርክ ግሪፍዝ በ1977 ባሳተመው ጥናት የግጥሙን ምጣኔ፣ የቃላት ምርጫውንና የመዘምራኑን አጭር ድርሻ አንድ ላይ መርምሮ ተውኔቱ ከሌሎቹ ስድስት እንደሚለይ አሳይቷል። የ«ተማጻኞቹ» ስሕተት ከአንድ ጉልህ ባሕርይ ተነሥቶ ዘመን መቁረጡ ነበር፤ እዚህ ግን ደራሲ ልብ የማይላቸው ብዙ ጥቃቅን ልማዶች በአንድ አቅጣጫ ይመሰክራሉ። ሥራው የኤስኪለስ ልጅ የዩፎርዮን ነው የሚሉም አሉ፤ ይህ ግምት ነው። ተውኔቱ በኤስኪለስ ስም የተላለፈ፣ ደራሲው ግን ያልተረጋገጠ ተብሎ ሊመደብ ይገባል፤ የዜውስ ጠባይም ለዚህ ፍርድ በማስረጃነት ሊቆጠር አይገባም።