ጨው ያመጡት ሽማግሌ

ጣሊያን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ከመቁረጡ በፊት ነው አሉ። ከዳባትና ከደባርቅ መካከል፣ ብርዱ ከገብስ በቀር ብዙ እህል የማያስተርፍበት አንድ መንደር ነበር። የመንደሩ ሲራራ ከተከዜ ማዶ ጨው ጭኖ ሊማሊሞን ከወጣ 31 ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ዓመት አህዮቹ ገደል ገቡ፤ አንድ ዓመት ዝናብ አሞሌውን እንደተጫነ አሟሟው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሞክርም ጠፋ። ልጆች ጨው የሌለው ወጥ በልተው አደጉ። ጣዕሙን ስለማያውቁት ያጉረመረመ አልነበረም።

በመጨረሻ ጭነቱን ለአንድ ሽማግሌ አደራ አሉ። ሽማግሌው ጅራፍ አይዙም፤ ይህም ብዙ አሳምቷቸዋል።

ጨዉን ጭነው ሲመለሱ አህዮቹ ሊማሊሞ ግርጌ እንደ ወትሮው እግራቸውን ተክለው ቀሩ። ጫኞቹ ዱላ አነሱ። «ተዉአቸው» አሉ ሽማግሌው። ብቻቸውን ወደ ላይ ወጡና መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ በሚታጠፍበት፣ አህዮቹ ሊያዩዋቸው በሚችሉበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አጣፉ። ከስልቻቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው መቆርጠም ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ አንድ አንዱን። ገደሉን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ታች ያሉት ጫኞች «እኛ በብርድ እንለቅ፣ እሳቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ!» እያሉ ተነጫነጩ። መሪዋ አህያ ጆሮዋን አቆመች። ቆየች። ከዚያ አንድ እግሯን አነሳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አጠገባቸው ስትደርስ የተረፈውን ቆሎ በመዳፋቸው አበሏትና ተነስተው ወደሚቀጥለው እጥፋት ሄዱ።

ጨው ገባ። እልልታው ደባርቅ ገበያ ድረስ ተሰማ፤ ሽማግሌው በትከሻ ላይ ዋሉ።

በሁለተኛው ጉዞ ኬላው ላይ ነገር ተበላሸ። በቆላው ደንብ፣ ሁለት ጊዜ የሰው አዝመራ የገባ አህያ በሚቀጥለው ጉዞ ጭነት አይጫንበትም። የቆጠረ አልነበረም፤ ተጫነበት፤ ዳኛው ሦስት አሞሌ ወረሰ። ያም ሆኖ ሲራራው መጨረሻው አቀበት ደረሰ። እዚያ ላይ ግን ንስሮች ከገደሉ ወርደው አህዮቹን አስበረገጉ፤ ጭነቱ ተበተነ።

ያን ሰሞን አንድ ልጅ ከገበታ ላይ ፊቱን አዞረ። «ጨው አንሶታል» አለ። ጨው ከቀመሰ ገና ዓመቱ ነው።

ሸንጎ ተቀመጠ። «አባ፣ አይቀየሙን፤ መንደሩ ጨው ይፈልጋል» አሏቸው።

«ድሮስ አይፈልግም ነበር?»

የመለሰላቸው የለም። ከባሕር ማዶ ኮርቻው ያማረ ሰው አስመጡ።

የኳስ ወዳጅ ሽማግሌውን ገና ከኬላው ላይ አውቋቸዋል። ስማቸውን ከደባርቅ በላይ ባለው ገደል ከሚኖረው ዋልያ የወሰዱት የብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎች፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ሱዳንን በጥቅምት 2005 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ሀገር ጨፈረ። ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፤ የአዳነ ግርማ ጎል እስካሁን ይወራል። ሌሎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ፣ ግን ማንም አልተቆጣም። ቁጣው የመጣው በኋላ ነው፤ ከዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው። ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ተቀማ፤ ቢሆንም ምድቡን በመሪነት ጨርሰው ናይጄሪያ ፊት ደረሱ። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተረቱ። ከዚያ በፊት የትኛውም የኢትዮጵያ ቡድን ያን ያህል ወደ ዓለም ዋንጫ ተጠግቶ አያውቅም። በጥር 2006 በሀገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ሲሸነፍ ግን ሰውነት ተሰናበቱ። በቦታቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ዓመት ገደማ ቆይተው እሳቸውም ሄዱ።

ዋልያዎች ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2014 ካሜሩን ላይ፣ በውበቱ አባተ እጅ ነው። ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ይዘው ተመለሱ፤ ልክ በ2005 እንደያዙት። በዚህኛው ግን አደባባይ የወጣ ጭፈራ አላየሁም።